ከገበያ ያመጣሁት አጎት

ዛሬ ሮቤ ከተማ፣ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ተጠራሁ። የምክር ክፍሉ ድሮ መጋዘን ነበር አሉ፤ እስካሁን ጥግ ላይ አንድ ጆንያ ድንች ተቀምጧል፤ ክፍሉ ድንች ድንች ይሸታል። ሽታው አፍንጫዬን እንደነካው ጎባ፣ ስድስተኛ ክፍል ተመለስኩ!

ያኔ አባቴ ከሞተ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ እደበድብ ነበር። በጉልበት ጎባ ውስጥ የሚችለኝ አልነበረም። ዳይሬክተሩ «ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ!» አሉኝ። እናቴ ገና ሐዘን ላይ ናት፤ በምን አፌ ልንገራት? ገበያ ሮጥኩና ድንች ሻጩን ኦቦ ጀማልን «አጎቱ ነኝ ይበሉልኝ፣ ከዚያ ይቆጡኝ» ብዬ ለመንኳቸው። በዘዴ ማን ይስተካከለኛል!

ቢሮ ስንገባ አፈር የጠጣ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፉና «ወላሂ፣ አጎቱ አይደለሁም» አሉ። «ግን አባት ፍለጋ ገበያ ለወጣ ልጅ ቁጣ ምን ያደርግለታል? ያስገቡት፤ እኔ እየመጣሁ አየዋለሁ።»

ገባሁ። እሳቸውም ብዙ ጊዜ መጡ። ለምን እንደምደባደብ ግን የጠየቀኝ የለም።

ልጄ፣ «እማማ» የምትላት እናቴ ከሞተች ወዲህ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አትልም። በዚህ ታሪክ ስፎክር እየሰማች ነው ያደገችው። አማካሪዋን ስንጠብቅ ጆሮዬ ስር «አባዬ፣ የሰፈራችንን ባጃጅ ነጂ አጎቴ ነው ብዬ ላመጣው ነበር፤ ተውኩት። አንተን አመጣሁ» አለችኝ።

የኔ ልጅ! ዘልዬ ጣራውን ልነካ ምንም አልቀረኝ!

አማካሪዋ ገባችና ፈገግ ብላ «ስለ እማማ ማን ይጀምርልን?» አለች።

ልጄ እኔን አየች። እኔ፣ ያ ሁሉ አፍ ያለኝ ሰውዬ፣ ድንቹን አየሁ።