ከሞጣ የተላከው የመጨረሻ መጽሐፍ

ሙሉ ልጄ ናት። ዘይነብ፣ ሞጣ ሳለን የጎረቤታችን ልጅ፣ የሙሉ ጓደኛ ናት። ሐጂ ሁሴን የዘይነብ አባት ናቸው፤ ጨርቅ ይነግዳሉ። የሺ ሚስቴ ናት። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ቢቸና መናኸሪያ አጠገብ እህል የምሸጥ፣ ልጆቼን ስለ እውነት ስመክር የኖርኩ ሰው። አሁን የምናገረውን የንስሐ አባቴ እንኳ አልሰሙትም። ፊታቸው ተንበርክኬ ጾም ስለ መሻሬ፣ ሰው ስለ መስደቤ ተናዝዣለሁ። ይህን ግን ሁልጊዜ ዘለልኩት።

ወደ ቢቸና ስንዛወር ሁለቱን ልጆች ያስተሳሰራቸው ተከታታይ የጀብዱ መጽሐፍ ነበር። ሦስት ወንድማማቾች የጠፋ አባታቸውን ፍለጋ በጀልባ ወንዝ ለወንዝ ይዞራሉ፤ አንዱ መጽሐፍ ሲያልቅ ልጆቹን አደጋ ላይ ጥሎ ነው። ሙሉና ዘይነብ እየተፈራረቁ ይገዙና በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይላላኩት ነበር። የገዛችው ቀድማ ታነባለች፤ ሕጋቸው ነው። እኔ አልወደውም ነበር። ፊደል የለየሁት ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው። እንዲህ ተለፍቶ የተገኘ ንባብ ላልሆነ ነገር ሲባክን ያንገበግበኝ ነበር።

የሙሉ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ የመጨረሻው መጽሐፍ መጣ። ሾፌሩ በመስኮት አቀበለኝ።

«ጋሼ፣ የዘይነብ አደራ ነው። ‹እኔ አላነበብኩትም፤ ይሄን አንቺ ቅደሚ› በልልኝ ብላለች። እንዳልገልጠው አስምላኛለች ደግሞ። እኔን ማን አንባቢ አረገኝ?»

ሳቅን። ከዚያ መጽሐፉን ከጤፍ ጆንያ ስር ከተትኩት።

ወሰድኩት። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እያልኩ ያሳደግኳትን ልጅ አደራ ወሰድኩ። ከፈተናው በኋላ እሰጣታለሁ አልኩ። ታዲያ ሙሉ ስትጠይቀኝ «ደብቄዋለሁ፤ መጀመሪያ አጥኚ» ብላት ማን ይከለክለኝ ነበር? አባቷ አይደለሁም? እንባዋን ፈራሁና «አልመጣም» አልኳት። ስልኩም በእኔ እጅ ነበር። ዘይነብ ደውላ «አባባ፣ ደረሰላችሁ?» ስትል «አልደረሰም፣ ልጄ» አልኳት። ልጄ አልኳት።

ሾፌሩ መስጠቱን ስለ ተናገረ ሐጂ ሁሴን ራሳቸው ደወሉ።

«መጽሐፉስ ይቅር። የሾፌሩን ስም እንዳናጠፋ ብዬ ነው፤ በእጃቸው ሰጥቻለሁ ይላል።»

«ሰጥቶኝ ኖሯል፣ ሐጂ፤ ረስቼው ነው። ሙሉ ከሱቅ አንስታው ይሆናል። ለራሷ ልታስቀረው አስባ ይሆናል። የዛሬ ልጅ ይታመናል?»

«እንዲህ አይበሉ፤ ልጅዎ ናት» አሉኝ።

እሳቸው እንዲህ አሉ። እኔ ግን የሰረቅኩትን በልጄ ላይ ጣልኩት። ወሬው ከሐጂ ቤት ወጥቶ በገበያተኛ አፍ ቢቸና ደረሰ። ሙሉ «ዘይነብ ሌባ አለችኝ» ብላ ስታለቅስ ያጽናናኋት እኔ ነኝ። «የነጋዴ ልጅ ናት፤ ተያት» አልኳት። እኔም ነጋዴ ነኝ።

መጽሐፉን ገበያ ሲቀዘቅዝ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ወንድማማቾቹ አባታቸውን ያገኙታል። ደስ አለኝ፤ ይህን አልክድም። ሁለት ልጆች ለዓመታት የጠበቁትን ደስታ ብቻዬን በላሁት። ፈተናው አልፎ ላወጣው ስል አይጥ ግማሹን ቆራርጦታል። ከእህል ጥራጊ ጋር ደፋሁት።

ከዓመታት በኋላ የዘይነብ እናት አረፉ። ሞጣ ሳለን ከየሺ ጋር እንደ እህትማማች ነበሩ። የሺ ለቅሶ ልትደርስ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጣች፤ ከመናኸሪያው በር ግን ተመለሰች። «ልጄን ሌባ ካለ ቤት በምን ዓይኔ እገባለሁ?» አለች። እኔ ሱቄ ደጃፍ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሚዛኔን መወልወል ጀመርኩ።

አንባቢዬ፣ ይቅርታ ከአንተ አልለምንም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ለፈተናዋ ብዬ ነው አልልም፤ ፈተና የአንድ ወር ነገር ነው፣ ውሸቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። የከፈሉትን ብቻ ልንገርህ። ዘይነብ ያላነበበችውን መጽሐፍ ለጓደኛዋ ሰጥታ ጓደኛዋን አጣች። ሐጂ ሁሴን ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፤ ስለ ሙሉ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። የሺ የወዳጇን ለቅሶ ያልደረሰች ሴት ሆና እያረጀች ነው። ሙሉ አምበር ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ከዚያ ወዲህ ልብ ወለድ ገልጣ አታውቅም፣ ጓደኛ የምትላትም የለቻትም። እኔ ደግሞ ልትጠይቀኝ ስትመጣ እግሬን የምታጥብ ልጅ አለችኝ፤ የምታጥበኝም ስላላወቀችኝ ነው።