አያ ሞላ ከአዲስ አበባ ያመጣው ድራማ

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ የሆነ ነው፤ ዓመቱን በትክክል አልናገርም። የሰዎቹንም አነጋገር እዚህም እዚያም ሳላሳስት አልቀርም። ያጠፋሁትን ግን አልረሳሁትም።

መንደራችን ላስታ ውስጥ፣ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ነበረች። የእናቴ ታናሽ ወንድም አያ ሞላ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ሠርቶ በተመለሰ ዓመት፣ ያኔ፣ ማታ ማታ ልጁም አዋቂውም እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር። እሱ የሚያወራው እንደ ሽማግሌዎቹ የጅብና የቀበሮ ተረት ሳይሆን በቀበሌ አዳራሽ በቴሌቪዥን ያየውን የወንጀል ድራማ ነበር። ማናችንም ቴሌቪዥን አይተን ስለማናውቅ፣ ኩራዙን ከኋላው አስቀምጦ፣ የወይራው ፍም ፊቱን እያቀላው፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ መርማሪውንም ገዳዩንም ራሱ ሆኖ ያሳየን ነበር።

አንዱ ድራማ ከሩቅ አገር መጥቶ ከተማ ስለገባ ቤተሰብ ነበር። «አነጋገራቸው ሌላ፣ ልማዳቸው ሌላ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሰፈር ውስጥ ሰው ይጠፋል። መርማሪው በመጤዎቹ ደጃፍ ደም ያያል፤ አባትየው ጎህ ሲቀድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሲቀብር ይደርስበታል። «በቃ! ገዳዮቹ ተያዙ!» ብሎ አያ ሞላ ሲያጨበጭብ እኛም በደስታ እንጮሃለን።

በዚያው ሰሞን ድርቅ የገፋው ኪሮስ የሚባል ሰው ከነሚስቱ ከዋግ መጥቶ ከመንደራችን ዳር ጎጆ ቀልሶ ነበር። ባልና ሚስቱ እርስ በርሳቸው በአገውኛ ነበር የሚነጋገሩት። ማንም ክፉ አልተናገራቸውም፤ ማንም ግን ደጃቸውን አልረገጠም።

አንድ ቀን የጎረቤታችን በሬ ጠፋ። በማግስቱ ማለዳ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ኪሮስ ከጎጆው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ይቆፍራል። ደም የነካው ጨርቅ ጠቅልሎ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጠና አፈር መለሰበት። ቅሌን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

አውጫጭኝ ተጠራ። በእኛ አገር ከብት ሲጠፋ መንደርተኛው በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ያየና የሰማ እስኪናገር ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ዳኛው አባ ተገኘ «ያየ ይናገር፤ ልጅም ቢሆን» አሉ። ተነሥቼ ያየሁትን ተናገርኩ። እዚያ ላይ ባበቃ ደግ ነበር። «በሬውን አርደውታል፤ የመጤ ልማድ ነው፣ አያ ሞላ ነግሮናል» ብዬ ጨመርኩ።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር! ዛሬውኑ ካገራችን ይውጣ!» አለ የበሬው ባለቤት። ይውጣ፣ ይውጣ የሚለው በዛ።

«ተናገር እንጂ አንተ ሰው፤ ምን ቀበርክ?» አሉት አባ ተገኘ።

ኪሮስ መሬት መሬት እያየ «የሴት ነገር ነው አባቴ። በሰው ፊት አይነገርም» አለ።

«ደግሞ ብሎ ብሎ በሴት ተሸፈነ!» ብሎ አንዱ አሳቀበት።

እናቴ ከሴቶቹ መሃል ብድግ አለች። «ሚስትህ የት አለች?»

«ተኝታለች።»

«ወልዳለች?»

«ሌሊት። ሴት ልጅ።»

«እንግዴ ልጁን አንተ ነህ የቀበርከው?»

«ማን ይቅበርልኝ እመቤቴ?» አለ።

እኛም ዘንድ እንግዴ ልጅ ከደጅ ይቀበራል፤ የሚቀብሩት ግን ያዋለዱት ሴቶች ስለሆኑ እኔ አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ወደ ሴቶቹ ዞራ «ሴት ልጅ ከመሃላችን ብቻዋን አምጣ ወለደች፤ እኛ እዚህ በሬ እንፈልጋለን!» አለችና ሄደች። ሌሎቹም ተከተሏት። ጥቂት ቆይቶ ከጎጆው እልልታ ተሰማ። አውጫጭኙ በዚያው ተበተነ፤ በሬውም በሦስተኛው ቀን ገደል ገብቶ ተገኘ።

ያን ዕለት ምሽት አያ ሞላን «የድራማው መጤዎች በእውነት ገዳዮች ነበሩ?» አልኩት። ፍሙን ይቆሰቁስ ጀመር።

«መጤዎቹ የላስታ ሰዎች ነበሩ» አለ በመጨረሻ። «አነጋገራቸው የእኛ፣ ጋቢያቸው የእኛ። አዳራሹ ሙሉ ሰው እየሳቀ ዞሮ እኔን ሲያየኝ ጊዜ ወጣሁ። መጨረሻውን አላየሁትም።»

«ታዲያ ተያዙ ያልከን?»

«ካልተያዙ ማን ይሰማኛል ብዬ ነዋ።»

አራስ ቤት ጠበል ሳይረጭ ወንድ እንግዳ ስለማይገባ ሳምንት ያህል ጠብቀን፣ ሁለታችንም እንጨት ተሸክመን ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ኪሮስ ከደጃፉ ሳቀብኝ። «ግባ መርማሪው፤ የሰረቅነውን እይ!» ብሎ ሕፃኗን አሳየኝ።

ዛሬ እቤቴ ቴሌቪዥን አለ። በወንጀል ድራማው ከሩቅ የመጣ ቤተሰብ ብቅ ሲልና ጸሎቱም ለቅሶውም በሚያስፈራ ሙዚቃ ሲታጀብ ልቤ ይፈራል። ምነው እንደ እናቴ አንዲት ሴት ተነሥታ «ሚስትህ የት አለች?» ብላ አባትየውን ብትጠይቀው እላለሁ።

ያኔ ዝናቡ ሲመለስ እነኪሮስ ወደ ዋግ ተመለሱ። ዓመታት አልፈው ጋሸና መኪና ስጠብቅ አንድ የዋግ ሰው አገኘሁና ስለ ኪሮስ ልጅ ጠየቅሁት። «ያቺ ላስታ የተወለደችው? ትምህርት ቤት ገብታለች። የላስታ ሴቶች እልል ብለው ነው የተቀበሉኝ እያለች ትኮራብናለች» አለኝ። ስለ እኔም ታወራ እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ፈራሁ። መኪናው ተነሣ። ከዚያች ቀን ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም።