ጣሪያዋ ላይ የተጻፈው

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። እስከ ዛሬ ለማንም በሙሉ አልተናገርኩም። ወንድሞቼ እንኳ የሚያውቁት መኪናዋ መገኘቷን ብቻ ነው።

ቡታጅራ ከመጣሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ከጎጃም በመምህርነት ተመድቤ መጥቼ እዚሁ አገባሁ። ባለቤቴ መካኒክ ነበር። ከመተዋወቃችን በፊት ጀምሮ አዲስ አበባ እየሄደ በመኪና ይወዳደር ነበር። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆሙና ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ፣ በአጭር ርቀት ማን እንደሚቀድም ይታያል። የእሱ አሮጌ ቀይ ፊያት ነበረች። ክብደቷ እንዲቀንስ የኋላ ወንበሯን አውጥቶ፣ የጣሪያዋን የውስጥ ልባስ ገፎ ባዶ ቆርቆሮ አድርጓታል።

ልንጋባ ስንል ፈራሁ። አንድ ጓደኛው ተገልብጦ አልጋ ላይ ሲቀር አይቻለሁ። “ወይ እኔን፣ ወይ መኪናዋን” አልኩት። በሳምንቱ ሸጣት። በሃያ ሰባት ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን አንስቶ አልወቀሰኝም። እኔም ረስቷታል ብዬ ኖርኩ።

ታሞ ሊያርፍ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ስለ እሷ አወራኝ። ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ጣሪያዋ ላይ፣ ከውስጥ በኩል ባዶው ቆርቆሮ ላይ፣ በማርከር ይጽፍ ነበር፤ ከማን ጋር እንደተወዳደረ፣ ለምን እንደተሸነፈ። “የሸጥኳት ቀንም ጽፌያለሁ። ያ ላንቺ ነው” አለኝ። ምን ብለህ ጻፍክ ስለው ዓይኑን ከደነ። በማግስቱ ደግሜ ብጠይቀው፣ ካገኘሻት ታነቢዋለሽ ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲያ ብዙም መናገር አልቻለም።

ባለቤቴ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ቤቴ ውስጥ የእጁ ጽሑፍ ብዬ የማሳየው ፊርማውን ብቻ ነው። እዚያ ጣሪያ ላይ ግን ይቅር ብሎኝ ይሁን ተቀይሞኝ፣ በራሱ እጅ ተጽፎ ተቀምጧል። ሳላነበው መኖር አቃተኝ።

ሙት ዓመቱን ካወጣሁ በኋላ ሽኩር የሚባለውን ጓደኛውን መኪናዋን ፈልግልኝ አልኩት። ጋራዥ አብረው የሠሩ ናቸው። ስለ ጽሑፉ አልነገርኩትም። ሽኩር በየመናኸሪያው ሾፌሮችን ሲያጠያይቅ አምስት ወር ፈጀበት። መኪናዋ ወልቂጤ ላለ ነጋዴ ተሸጣ፣ ሞተሯ ነክሶ አልነሳ ሲል ነጋዴው ቸሃ ገጠር ለሚኖሩ አጎቱ ሰጥቷቸው ኖሯል። አንድ የአገና ሚኒባስ ሾፌር እንሰት ጓሮ ውስጥ ቆማ፣ ዶሮ የሚያድርባት ቀይ ፊያት አለች ብሎ ደወለለት።

ሽኩር እየሳቀ መጣ። “ቲቸር፣ ባልሽ ሲነዳት ያገሩ ዶሮ ሁሉ ይሸሻት ነበር። ይኸው ተበቀሏት” አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

አጎትየው አባባ ወልዴ፣ ባለቤታቸው እማማ ዘነበች ይባላሉ። ደውዬ ማን እንደሆንኩ ስናገር እማማ ዘነበች በስልክ አለቀሱልኝ። እሑድ መጥተሽ ውሰጃት አሉኝ። ጣሪያውን አትንኩብኝ ማለት አላሰብኩም።

እሑድ ከሽኩር ጋር በአይሱዙ ሄድን። መስቀል እየቀረበ ስለሆነ ቤቱ እንደ አገሩ ደንብ ሊታደስ ተጀምሯል። ግድግዳው አዲስ ተለቅልቋል፤ የእንጨት ገበታው ሳይቀር ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። መጀመሪያ ተቀምጠን ነፍስ ይማር ተባልኩ፤ ቆጮና አይብ ቀመስን። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣን።

መኪናዋ ውስጥ የዶሮ ኩስ የሚባል የለም። ጎንበስ ብዬ ገባሁና ቀና አልኩ። ጣሪያው እንደታጠበ ድስት ያበራል።

እማማ ዘነበች ከኋላዬ ክንዳቸውን እያሹ ቆመዋል። “የሟች ዕቃ ቆሽሾ ለሚስቱ አይሰጥም ብዬ ነው፣ ልጄ። ላዩ ላይ ልጆች የሞነጫጨሩት ነበረበት። ሳሙናው እምቢ ቢለኝ በነጭ ጋዝ ፈተግሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ” አሉ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። ሽኩር ኋላ እንደነገረኝ እጃቸውን ስሜ አመሰግናለሁ ብያለሁ።

አባባ ወልዴ አዲስ አበባ ልጆቻቸው ዘንድ ሰንብተው የደረሱት መኪናዋ አይሱዙው ላይ ወጥታ ሸራ ከለበሰች በኋላ ነው። ሊሰናበቱኝ ቀረብ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ጣሪያዋ ላይ ያለውን አንብቢው። እኔ አንብቤዋለሁ” አሉኝ።

እማማ ዘነበች ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ለመንገድ የሚሆነኝን ቆጮ ይጠቀልላሉ። ምን ይላል ብዬ ብጠይቅ ይሰሙኛል። ያን ሁሉ የደከሙበት ምን እንዳጠፋ ያውቃሉ። “እሺ አባባ፣ አነበዋለሁ” አልኩና ጋቢና ገባሁ።

ሽኩር አራት ወር ሠራባት። ፒስተኑንና ካርቡሬተሩን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ፈልጎ አመጣ፤ ቀይ ቀለሟን መለሰላት። ጣሪያዋን እናልብሰው ሲለኝ እምቢ አልኩ። ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ሥራው ሲያልቅ ወደ ቡኢ በሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለው ቦታ ላይ አጠገቡ አስቀምጦኝ አንድ ጊዜ በሙሉ ፍጥነት ለቀቃት። ሞተሯ ሲያጓራ ባለቤቴን የከለከልኩት ምን እንደነበር ገባኝ። ሽኩር ጥግ ይዞ አቆመና መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔ ጣሪያውን አያለሁ። ፀሐዩ በጎን ሲገባ ጭረት እንኳ ቢታየኝ ብዬ ነበር። የለም።

እማማ ዘነበች በየበዓሉ ይደውሉልኛል። መኪናዋ ደህና ናት ወይ ይሉኛል፤ ስላጠቧት ደስ እንዳላቸው ከድምፃቸው ይታወቃል። ቤታቸው ውስጥ ያለው ስልክ የእሳቸው ብቻ ነው። አንዳንዴ ለአባባ ወልዴ ያቀብሏቸዋል። ስለ ጤና ተጠያይቀን እንዘጋለን። በመጨረሻ ስንደዋወል የአባባ ወልዴ ጆሮ ከብዶ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩላቸው።

ከአባባ ወልዴ በቀር ጽሑፉን የሚያውቅ ሰው የለም። አንድ ቀን ሄጄ ለብቻቸው ብጠይቃቸው እንደሚነግሩኝ አውቃለሁ። አልሄድኩም። ለእማማ ዘነበች አዝኜ ነው እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። ግን ባለቤቴ የጻፈልኝን መስማትም እፈራለሁ።