የዘመነች ቅንድብ

እንግሊዞች ሰውን ቁልቁል የሚያይ ኩሩን «ሱፐርሲሊየስ» ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ «ሱፐር» በላይ ማለት ሲሆን «ሲሊየም» ደግሞ የዓይን ቆብ ነው። ከዓይን ቆብ በላይ ምን አለ? ቅንድብ! ሮማውያን ቅንድብንም ኩራትንም በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ለዚህ ቃል እንደ ጎረቤቴ እንደ ዘመነች ያለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ዘመነች ቀራንዮ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የውበት ሳሎን ቅንድብ ትቀነድብ ነበር። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ በእጇ አልፏል። ደንበኛ «እንዲህ አድርጊው» ብላ ልታዛት ከሞከረች፣ አንድ ቅንድቧን ሰቅላ ታያታለች፤ ሴትዮዋም ጭጭ! ባሏ ሞቶ ልጇን ዮዲን ብቻዋን ስታሳድግ የማንንም ደጅ አልጠናችም። ጎረቤቱ «አቤት ኩራቷ!» እያለ ሲያማት፣ ብትኮራስ ምን አለበት ብዬ ስንቱን ተጣልቻለሁ።

ዓምና ስትሮክ መታት። አንደበቷ ተዘጋ፣ እጇ አልታዘዝ አለ፣ ፊቷም በድን ሆነ።

ዘንድሮ ግሩም የሚባል የዓለም ባንክ ሰፈር ልጅ ዮዲን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። እኔም በጉርብትና ተጠርቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ጥያቄያቸውን ያቀረቡት ግን ለዘመነች ወንድም ለፈጠነ ነው። እናትየዋ ሶፋ ላይ ተደግፋ እያየቻቸው እንደ ዕቃ አለፏት። ንድድ አልኩ።

ፈጠነ ሊመልስ ጉሮሮውን ሲጠርግ ዮዲ ከጓዳ ወጣች። በእንዲህ ያለ ቀን ልጅቱ ከጓዳ አትወጣም።

«ይቅርታ አባቶቼ፤ ያሳደገችኝ እማዬ ናት። እሷ እሺ ካላለች አላገባም።»

«መናገር አትችልም እኮ ልጄ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

ዮዲ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «እማ፣ ግሩምን ላግባው?»

እኛ አገር አዎ ለማለት አፍ አያስፈልግም፤ ቅንድብን ብድግ ማድረግ ይበቃል። ዘመነች ግን ይህችንም ካጣች ከርማለች። ግንባሯን ላብ አጠመቀው፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ትንፋሻችንን ውጠን አየናት። የጣት ስፋት የማይሞላ ጸጉር ነው፤ እኔ ግን ከዚያ የከበደ ነገር ሲነሣ አላየሁም። ቅንድቧ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ከፍ አለ። እንባዬ መጣ።

ፈጠነን ማንም አላየውም። ትልቁ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለእሷ እጅ ነሡ።

«ወይዘሮ ዘመነች» አሉ፣ «እንቀመጥ? ይፈቅዱልናል?»