ጋሽ ይገዙ ያላዩት ባኞ

ኮልፌ ውስጥ ስድስት ኪሎ ካለ፣ ያለው በጋሽ ይገዙ አፍ ላይ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የዩኒቨርሲቲው በር ጥበቃ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ በሩን እዚያው ትተው ወሬውን ይዘው መጡ። እኔ ባለሱቅ ነኝ፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው ያላወሩኝ የለም። ስለ ሰማዕታት ሐውልት፣ በሩ ላይ ስላሉት አንበሶች፣ ጣልያን ሠርቶት ጫፉ ላይ የኛ አንበሳ ጉብ ስላለበት ደረጃ። ከሁሉም ግን ባኞው! ግቢው ቤተ መንግሥት በነበረ ጊዜ ጃንሆይ የሚታጠቡበት ባኞ ሙዚየሙ ውስጥ አለ፣ ጥርት ያለ ወርቅ ነው ይላሉ። እኔም አመንኩ። ሠላሳ ዓመት እዚያ የቆመ ሰው ካልታመነ ማን ሊታመን ነው?

የልጅ ልጃቸው ቤተልሄም ልትዳር ስትል የእጮኛዋ አባት አቶ ፍቅረማርያም ከደብረ ማርቆስ መጡ። ቤቲ ስለ አያቷ ስትነግራቸው ከርማ ኖሮ፣ "ሌላው ይቅርብኝ፣ ስድስት ኪሎን ግን አቶ ይገዙ ያሳዩኝ" አሉ። ጋሽ ይገዙ አንገራገሩ። "ሽኩር፣ ጉልበቴን ያመኛል፤ ዝናቡም ሊመጣ ነው" አሉኝ። እኔ ሞኙ፣ "ምን ይግደረደራሉ፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ" ብዬ ጎትቼ አስነሳኋቸው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ውጭ ውጭውን እስካለን ድረስ ጋሽ ይገዙን የሚያህል አልነበረም። ሐውልቱ ሥር ቆመው የካቲት 12 ያለቁትን ሲያነሱ አቶ ፍቅረማርያም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቤቲ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታያል፤ በአማቷ ፊት አያቷ አኮሯት። በሩን አልፈን ወደ ሕንፃው ስንጠጋ ግን ጋሽ ይገዙ ወደ ኋላ ይቀሩ ጀመር። አቶ ፍቅረማርያም "ሙዚየሙ በየት በኩል ነው?" ቢሏቸው፣ እጃቸውን እንዲሁ ወደ ዛፎቹ ዘረጉ።

ይሄኔ ትኬት የምትቆርጠው ሴት አይታቸው እየሳቀች ወጣች። "ጋሽ ይገዙ! ዛሬስ ሊገቡልን ነው? አንድ ቀን እንኳ ገባ ብለው ይዩ ብለን ስንት ጊዜ ለመንንዎት!"

በፍቅር ነው ያለችው፣ ምን ታድርግ። እኔ ግን ወላሂ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤቲ "እየቀለደች ነው" ብላ ሳቀች። ማንም አልተከተላትም። ገባን። ባኞው አለ፤ ወርቅ የሚባል ነገር ግን የለውም፣ እንደ ማንኛውም ባኞ ነው። አቶ ፍቅረማርያም ጎንበስ ብለው አዩት፣ ከዚያም "ንጹሕ ነው" አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር።

ጋሽ ይገዙ ቀና ብለው ማንንም ማየት አቃታቸው። "ከሚወጡት ሰዎች ነው የሰማሁት" አሉ። "አንዱ ባለው ላይ ሌላው ይጨምራል፣ እኔም ጨመርኩበት። መጀመሪያ ጫማዬ አሳፈረኝ፤ በዚያ ጭቃ የተማረ ሰው የሚረግጠውን ወለል ላቆሽሽ? በኋላ ደግሞ ያን ሁሉ አውርቼ አለማየቴ አሳፈረኝ።"

"ኧረ ምንም አይደል" አሉ አቶ ፍቅረማርያም። አማት "ምንም አይደል" ሲል እንዴት እንደሚያም ልጅ የዳረ ያውቀዋል።

ታክሲ ውስጥ አቶ ፍቅረማርያም ስለ ዘንድሮው ዝናብ ብቻ ሲያወሩ መጡ። ኮልፌ ስንወርድ ቤቲ አማቷ ጥቂት እስኪርቁ ጠብቃ የአያቷን ክንድ ያዘች።

"አባባ፣ በሰርጌ ቀን ሲመርቁን... ስድስት ኪሎን ባያነሱብኝ።"

"እሺ፣ ልጄ" አሉ። ትንሽ ሄድ ካሉ በኋላ ደግሞ፣ "ካፈርሽብኝ ሌላ ሰው ይመርቃችሁ" አሏት።

"ኧረ አባባ፣ ምን ማለትዎ ነው" ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ቤቲ ግን ክንዳቸውን ለቃ ወደ አማቷ ሄደች።