ብድር መላሽ

ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን እየሠራች «እማ፣ ‹ዴት› ምንድን ነው?» አለችኝ። «ዕዳ» ስላት የአብሽ ሽታ መጣብኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ኮልፌ ጎረቤታችን የነበሩት እትዬ አስካለ ሲወልዱ፣ እናቴ አብሽ እየበጠበጠች፣ የሕፃኑን ጨርቅ እያጠበች አረሰቻቸው። «ብድር መላሽ ያድርገኝ!» አሏት፣ ጉንጯን እየሳሙ።

እናቴ ወንድሜን ስትወልድ «ሂጂ ጥሪያቸው» ብላ ላከችኝ። በራቸውን ሳንኳኳ ለሠራተኛቸው «የለችም በያት» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እያለቀስኩ ለእናቴ ነገርኳት።

«ዝም በይ፣ ሰው እንዳይሰማ!» አለችኝ። ከአልጋዋ ወርዳ ግድግዳ እየተደገፈች የራሷን አብሽ በጠበጠች። ለምን እሷ እንዳፈረች ያኔ አልገባኝም።

«የተበደረው ካልመለሰስ?» አለች ልጄ።

«ሥራሽን ሥሪ» አልኳት። ዛሬም ኮልፌ ስሄድ እትዬ አስካለን ካየሁ መንገድ የምቀይረው እኔ ነኝ።