የሶረቲ ሁለት ሰፈሮች

ሶረቲ አምቦ ከተማ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ቤት ለቤት እየዞረች ነፍሰ ጡሮችን ትከታተላለች፣ የአዛውንቶችን የደም ግፊት ትለካለች። በ2013 ዓ.ም. ሁለት ሰፈሮች ደረሷት፤ አንዱ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ያለው አሮጌው፣ ሌላው ከተማው ጠርዝ ላይ የተቆረቆረው አዲሱ።

አሮጌው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ሰባት ቤተሰብ ይኖራል። ሶረቲ ገና ከመግባቷ ማን እንዳመመው ይነገራታል። የሚደበቅ ነገር የለም። አንዲት ወጣት መድኃኒት መጀመሯን ግቢው ሁሉ አውቆባት አፍራ ክትትሏን አቋርጣለች፤ ይህ እስከ ዛሬ ሶረቲን ይቆጫታል። አዲሱ ሰፈር ረጅም አጥር፣ የብረት በርና ውሻ ነው። አንኳኩታ የምትመለስበት ቀን ይበዛል።

ጡረተኛው መምህር ኦቦ ነጋሳ የሚኖሩት እዚያ ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ቤቱን የሠራላቸው አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው ኤቢሳ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ሶረቲን በር ከፍተው ይጠብቋታል። አንድ ማክሰኞ ግን በሩ ተዘግቶ አገኘችው። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም። ጎረቤት ሄዳ አንኳኳች።

«ሽማግሌውን ሰሞኑን አይተዋቸዋል?»

አንዲት ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «የትኛውን ሽማግሌ?» አለቻት።

አጥር ተጋርተው ሦስት ዓመት ኖረዋል። ሶረቲ ስታስረዳት ሴትየዋ ገብታ መሰላል አመጣች፤ ራሷም ያዘችላት።

ኦቦ ነጋሳ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወድቀዋል። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እዚያው ናቸው።

«ዱፍቴ፣ ኢንታላ ኮ? መጣሽ፣ ልጄ?» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ።

ከወራት ሕክምና በኋላ በከዘራ መሄድ ቻሉ። ወደ ቤታቸው ግን አልተመለሱም፤ ወንዙ ዳር ካሉት ግቢዎች በአንዱ አንድ ክፍል ተከራዩ። ኤቢሳ «ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ አኮረፈ። እሳቸው ግን አልተበገሩም።

በሁለተኛው ወር ሶረቲ ግፊታቸውን ልትለካ ሄደች።

«ለመዱት?» አለቻቸው።

«ሬዲዮ መስማት አልቻልኩም፤ ልጆቹ ይጮኻሉ። ሳስነጥስ ከሦስት ቤት ‹ይማርዎ› ይሉኛል። ትናንት ደግሞ ለምን እራት እንዳልበላሁ ተጠየቅኩ።»

«ታዲያ ይመለሳሉ?»

ኦቦ ነጋሳ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉላት።

«ጸጥታው ይናፍቀኛል» አሉ፤ «ግን እዚያ ስወድቅ ጸጥታውን ጠግቤዋለሁ።»